ውሻ ይዞ ለመብረር፦ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት የሚጀመር ሥራ

ውሻ ይዘው ሊጓዙ ያሰቡ ብዙ ሰዎች መጀመሪያ ቲኬት ይቆርጣሉ። ወደ እንስሳት ሐኪም የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ደግሞ «ክትባቱ ገና ነው፤ የደም ምርመራም ያስፈልጋል፤ ከምርመራው በኋላ ሦስት ወር መጠበቅ አለባችሁ» ይላቸዋል። ያኔ ወይ ቲኬቱ ይቃጠላል፣ ወይ ውሻው ይቀራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ውሻው ጉዞውን ይችለው እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ የመድረሻውን አገር ሕግ አንብቡ። ከዚያ አየር መንገድ ምረጡ። ቲኬት የሚቆረጠው ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው። በረራው ጥቂት ሰዓት ነው። ዝግጅቱ ግን እንደ አገሩ ከጥቂት ሳምንት እስከ ሰባትና ስምንት ወር ሊፈጅ ይችላል።

1. ውሻው መሄድ አለበት ወይ?

ደስ የማይል ጥያቄ ነው፤ ግን ከሁሉም ይቅደም። የምትሄዱት ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ከሆነ፣ ውሻው ከሚያውቀው ሰው ጋር ቢቀር ይሻለዋል ባይ ነኝ። እሱ አገር የማየት ጉጉት የለበትም። ለአጭር ሽርሽር ሲባል ደርሶ መልስ ሳጥን ውስጥ መዋል ለእሱ ምንም ትርፍ የለውም። ኑሮ ቀይራችሁ የምትሄዱ ወይም ለወራት የምትቆዩ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቀጥሎ ጤናው ይታይ። የልብ ወይም የመተንፈሻ ችግር ያለበት፣ በጣም ያረጀ፣ ያረገዘች ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ውሻ ያለ ሐኪም ፈቃድ መብረር የለበትም። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል የውስጡ አየር ይሳሳል፤ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ላይ የመሆን ያህል። ጤነኛ ውሻ ይህን ልብ ላይለው ይችላል። ልቡ ለደከመ ግን ቀላል አይደለም።

በተለይ አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ ውሾች ካሏችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ። ቡልዶግ፣ የፈረንሳይ ቡልዶግ፣ ፐግ፣ ቦክሰር፣ ፔኪኒዝ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። አፍንጫው አጭርና ጠባብ የሆነ ውሻ ሲሞቀውና ሲጨንቀው የሚያስፈልገውን ያህል አየር መሳብ ያቅተዋል። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መረጃ፣ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት በአየር ጉዞ ከሞቱና ዝርያቸው ከታወቀ ውሾች ግማሽ ያህሉ አፍንጫ አጭር ነበሩ። ብዙ አየር መንገዶች እነዚህን ዝርያዎች በዕቃ ክፍል አንጭንም የሚሉት ለዚህ ነው። ውሻችሁ ትንሽ ሆኖ አብሯችሁ ካቢን መግባት ከቻለ ጥሩ። ካልቻለ እኔ ብሆን በመኪና ወይም በባቡር የሚያደርስ መንገድ እፈልጋለሁ።

ፀባዩም ይታሰብበት። ሲዘጋበት በሩን እየነከሰ አፉን የሚያደማ ውሻ አለ። እንዲህ ዓይነቱ በልምምድ ካልተሻሻለ በዕቃ ክፍል መሄድ የለበትም።

2. የመድረሻውን አገር ሕግ አንብቡ

ብዙ ጉዞ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። አገሮች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት የእብድ ውሻ በሽታን ነው። ደንቡ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚሁ ዙሪያ ነው። መረጃውን ከመድረሻው አገር የግብርና ወይም የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በቀጥታ ውሰዱ። ወዳጃችሁ አምና ሲሄድ የነበረው ደንብ ዘንድሮ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

አገሩ የትም ይሁን፣ ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው ይህን ይመስላል።

መጀመሪያ ማይክሮቺፕ። የውሻውን መለያ ቁጥር የያዘች፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፤ ሐኪሙ በመርፌ ከቆዳው ሥር ያስገባታል። በብዙ አገር የሚፈለገው አይሶ የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያሟላ ባለ 15 አኃዝ ቺፕ ነው። ሌላ ዓይነት ከሆነ የሚያነበውን መሣሪያ ራሳችሁ መያዝ ሊኖርባችሁ ይችላል።

ሁለተኛ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። ክትባቱ ከቺፑ በኋላ ወይም በዚያው ቀን ቺፑ ከገባ ወዲያ መሰጠት አለበት። ቺፕ ሳይኖረው የተከተበ ውሻ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው፤ ምክንያቱም የተከተበው ያ ውሻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። እንደገና ይከተባል፣ ቀኑም ከዜሮ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ቢያንስ 21 ቀን መጠበቅም ግዴታ ነው። ቡችላ ደግሞ 12 ሳምንት ሳይሞላው ይህን ክትባት ቢወስድ አይቆጠርለትም። ስለዚህ 12 ሳምንት ሲደመር 21 ቀን፣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመግባት በአብዛኛው ትንሹ ዕድሜ 15 ሳምንት ይሆናል።

ሦስተኛ የደም ምርመራ። ይህ የሚጠየቀው ከሁሉም አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በቁጥጥር ሥር አልዋለባቸውም ከሚባሉ አገሮች ለሚመጡ ውሾች ነው። ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት። ለአውሮፓ ኅብረት ደሙ የሚቀዳው ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ነው። የሚመረመረውም ዕውቅና በተሰጠው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ከዚያ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። ደምሩት፦ ቺፕ፣ ክትባት፣ 30 ቀን፣ ሦስት ወር። ከአራት ወር በላይ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። ምርመራውን ካለፈ በኋላ ማጠናከሪያ ክትባቱ ቀኑ ካለፈበት የደም ምርመራውም ዋጋ ያጣል። ማጠናከሪያውን ከማብቂያው ቀን በፊት አስወጉ።

ጥብቅ የሚባሉት አገሮች ከዚህም ይብሳሉ። ጃፓን ከብዙ አገሮች ለሚመጣ ውሻ ሁለት ጊዜ ክትባት፣ የደም ምርመራና ደሙ ከተቀዳ በኋላ 180 ቀን መጠበቅን ትጠይቃለች። ከመድረሳችሁ ቢያንስ 40 ቀን በፊትም ማሳወቅ አለባችሁ። ይህ ያልተሟላለት ውሻ እስከ 180 ቀን ኳራንቲን ሊገባ ይችላል። አውስትራሊያ ደግሞ ወረቀቱ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ሜልበርን አጠገብ ባለው የመንግሥት ኳራንቲን ቢያንስ 10 ቀን ታቆየዋለች። ከአንዳንድ አገሮች በቀጥታ ጨርሳ አትቀበልም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ደንቧን ቀይራለች። የሚገባ ውሻ ሁሉ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለው፣ ሲታይ ጤነኛ የሆነ መሆን አለበት፤ ባለቤቱም የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል። በሽታው በስፋት ካለባቸው አገሮች ለሚመጣ ውሻ ተጨማሪ ወረቀት ይጠየቃል፤ የሚገባባቸው ኤርፖርቶችም የተወሰኑ ናቸው። ቡችላ ይዤ እገባለሁ ብሎ ማሰብ እንግዲህ ቀርቷል።

ወደ እንግሊዝ የሚሄዱም ሌላ ጣጣ አለባቸው። ከአጋዥ ውሾች በስተቀር ውሻ በአየር የሚገባው በአብዛኛው በካርጎ ተመዝግቦ ነው። ካቢን ይዞ መግባት የለም። ብዙ ሰው ይህን ለማለፍ ፈረንሳይ ወይም ኔዘርላንድስ ድረስ በአውሮፕላን ይሄድና ከዚያ በመኪና፣ በባሕር ሥር ባቡር ወይም በመርከብ ይሻገራል። እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ፊንላንድ፣ ማልታና ኖርዌይ የኮሶ ትል መድኃኒትም ይጠይቃሉ። ሐኪም ነው የሚሰጠው፤ ከመግባታችሁ ከ24 እስከ 120 ሰዓት በፊት። ቀድሞም ዘግይቶም ቢሰጥ አይሠራም።

በመጨረሻ የጤና ሰርተፍኬት። ለአውሮፓ ኅብረት ይህ ወረቀት ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ የተፈረመ መሆን አለበት። የግል ሐኪም ቢሞላውም የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ማኅተም የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። ያ ቢሮ ቅዳሜና እሁድ ዝግ መሆኑን ቀድማችሁ አስቡ። ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ የቺፑን ቁጥር አንድ በአንድ አመሳክሩ። የአንድ አኃዝ ስህተት ውሻውን ድንበር ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ሐኪሙም ቺፑን በመሣሪያ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ ቺፕ ከቦታው ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይነበብም። ይህን ኤርፖርት ላይ ከማወቅ ክሊኒክ ውስጥ ማወቅ ይሻላል።

ትራንዚት ካለ የትራንዚቱንም አገር ደንብ እዩ። ሁለቱ በረራዎች በተለያየ ቲኬት ከተቆረጡ ውሻውን መሃል ላይ ተረክባችሁ እንደገና ማስረከብ ሊኖርባችሁ ይችላል። ያኔ ውሻው ያንን አገር እንደገባ ይቆጠራል፤ የዚያ አገር ወረቀት ሁሉ ይጠየቃል።

3. በየት በኩል ይሄዳል?

መንገዱ ሦስት ነው። አብሯችሁ በካቢን፣ በእናንተው በረራ በዕቃ ክፍል፣ ወይም ለብቻው በካርጎ።

ካቢን ለትንንሾች ነው። ብዙ አየር መንገዶች የሚፈቅዱት ክብደት ከነቦርሳው 8 ኪሎ አካባቢ ነው። አንዳንዶች ክብደት አይጠይቁም፤ ቦርሳው ከፊታችሁ ካለው ወንበር ሥር መግባቱን ብቻ ያያሉ። ውሻው ቦርሳው ውስጥ መቆምና መዞር መቻል አለበት። በአንድ በረራ የሚፈቀደው የእንስሳት ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ቀድሞ የተመዘገበ ነው የሚገባው። ቦርሳው ብዙ ጊዜ እንደ እጅ ሻንጣ ይቆጠርባችኋል።

በዕቃ ክፍል ሲሄድ እናንተ ባላችሁበት አውሮፕላን ነው የሚጫነው፤ ስትደርሱም ትረከባላችሁ። ይህን የማይፈቅዱ አየር መንገዶች አሉ። ካርጎ ደግሞ የራሱ ወረቀት፣ የራሱ ማስረከቢያና ብዙ ጊዜ የጉምሩክ ሥርዓት አለው። ከዋናው ተርሚናል የራቀ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል አድራሻውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

«ዕቃ ክፍል ውስጥ አየር የለም» ሲባል ትሰማላችሁ። እንስሳ የሚጫንበት ክፍል እንደ ካቢኑ የአየር ግፊት አለው፤ ሙቀቱም ይጠበቃል። ሕይወት ያለው እንስሳ ሲጫን ለካፒቴኑ በጽሑፍ ይገለጽለታል። ጨለማና ጫጫታ መሆኑ ግን እውነት ነው። ዋናው አደጋ ያለው አየር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው፤ ሳጥኑ አስፋልት ላይ ፀሐይ ወይም ብርድ እየመታው ለመጫን ሲጠብቅ። አየር መንገዶች ሙቀቱ ከ29 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲበልጥ ወይም ከ7 ዲግሪ ሲያንስ እንስሳ አንቀበልም የሚሉትም ለዚህ ነው። ቁጥሩ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ትንሽ ይለያያል።

ከዚህ ተነስታችሁ በረራ ምረጡ። ከሁሉም የሚሻለው ቀጥታ በረራ ነው፤ ዋጋው ቢጨምርም። በሞቃት ወቅት ማለዳ ወይም ሌሊት፣ በብርድ ወቅት እኩለ ቀን። ኤርፖርት የሚጨናነቅባቸውን የበዓል ቀናት ተዉ። የአውሮፕላኑን ዓይነትም ጠይቁ፤ የአንዳንድ ትንንሽ አውሮፕላኖች ዕቃ ክፍል ለእንስሳ አይሆንም። ትራንዚቱ ላይ አውሮፕላን ከተቀየረም የሁለተኛውን ጠይቁ።

ቲኬት ከመክፈላችሁ በፊት ስልክ ደውሉና ለውሻው ቦታ መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ የእናንተንም የእሱንም በአንድ ጊዜ አስመዝግቡ። ማረጋገጫውን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ የስልክ ቃል ብቻውን ቼክ ኢን ላይ አይሠራም። ወንበር ስትመርጡ የአደጋ መውጫውን ረድፍና ፊቱ ግድግዳ የሆነውን የመጀመሪያ ረድፍ እለፉ። ቦርሳውን የምታስገቡበት ቦታ የላቸውም።

ስለ አጋዥ ውሾች አንድ ቃል። ማየት ለተሳናቸውና ለመሳሰሉት የሠለጠኑ ውሾች በብዙ አገር ካቢን የመግባት መብት አላቸው። «የስሜት ድጋፍ ውሻ» የሚባለው ግን ሌላ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ አየር መንገዶች እንደ አጋዥ ውሻ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም ብላለች። በኢንተርኔት የሚሸጥ መታወቂያና ጃኬት ገዝቶ መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው፤ የእውነት ለሚያስፈልጋቸው ሰዎችም ችግር ይፈጥራል።

4. ሳጥኑ

ሜትር ያዙና ውሻውን አቁሙት። አራት ልኬት ትወስዳላችሁ። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር፤ ከመሬት እስከ ፊት እግሩ ክርን፤ የትከሻውን ስፋት፤ ከመሬት እስከ ጭንቅላቱ አናት። ጆሮው ቆሞ ከጭንቅላቱ ከበለጠ እስከ ጆሮው ጫፍ ይለካል።

ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) ያወጣው ስሌት እንዲህ ነው። የሳጥኑ ርዝመት የመጀመሪያው ልኬት ሲደመር የክርኑ ቁመት ግማሽ። ስፋቱ የትከሻው እጥፍ። ከፍታው የቁመቱ ልክ ሲደመር የምንጣፉ ውፍረት። ውሻው 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 የክርን ቁመት፣ 20 የትከሻ ስፋት፣ 55 ቁመት ካለው ሳጥኑ ቢያንስ 75 በ40፣ ከፍታው ደግሞ ከ55 ትንሽ በለጥ ያለ ይሆናል ማለት ነው። ይህ የውስጡ ልክ ነው። ሱቅ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የውጪው ነውና ራሳችሁ ለኩ። ለአፍንጫ አጭሮች 10 በመቶ ይጨመራል።

«በአያታ የጸደቀ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ አትታለሉ። ማኅበሩ ደንብ ያወጣል እንጂ ለየትኛውም ሳጥን ማኅተም አይሰጥም። ሳጥኑ ከደንቡ ጋር መግጠሙን ማየት የእናንተ ሥራ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ቼክ ኢን ላይ ያለው ሠራተኛ ነው።

የምታዩት ይህን ነው። ጠንካራ ፕላስቲክ፣ እንጨት ወይም ብረት ይሁን። የሚታጠፍ ጨርቅ በዕቃ ክፍል አይሄድም። የላይኛውና የታችኛው ክፍል የሚያያዘው በብረት ብሎን ይሁን እንጂ በፕላስቲክ መቆለፊያ ብቻ አይሁን። በአራቱም ጎን አየር ማስገቢያ ይኑረው። በሩ በአፍንጫም በጥርስም የማይከፈት ይሁን። ጎማ ካለው ይውለቅ። የውኃና የምግብ ሳህኑ በሩ ላይ የተሰካ፣ በሩ ሳይከፈት ከውጪ የሚሞላ መሆን አለበት።

ወለሉ ላይ ፈሳሽ የሚመጥ ምንጣፍ አንጥፉ። ከላዩ እናንተ የለበሳችሁት ያልታጠበ ቲሸርት ጣል አድርጉበት፤ ሽታችሁ ያረጋጋዋል። ወፍራም ብርድ ልብስና አሻንጉሊት አትክተቱ።

ውጪው ላይ «ሕይወት ያለው እንስሳ» የሚል ጽሑፍና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ይለጠፋል። ፊደሉ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ስማችሁ፣ በመድረሻው አገር የሚሠራ ስልክ፣ የውሻው ስምና ፎቶ ይኑር። የውሻው ስም ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን የሚጭነው ሠራተኛ በስሙ ሲጠራው ይረጋጋል። የወረቀቶቹን ቅጂ በፕላስቲክ አድርጋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ፤ ዋናው ከእጃችሁ አይውጣ።

በሩን በቁልፍ አትቆልፉ። አደጋ ቢመጣ ሠራተኛው መክፈት መቻል አለበት። በሩን ተጨማሪ ለማጥበቅ የፕላስቲክ ማሰሪያ የሚፈቅዱ አየር መንገዶች አሉ። ከሆነ ትርፍ ያዙ፤ ፍተሻ ላይ ይቆረጣልና።

5. ሳጥኑን ማላመድ

ሳጥኑ ከበረራው ዋዜማ የሚገዛ ከሆነ ባይገዛ ይሻል ነበር። ከአንድ ወር በፊት ቤት ይግባ፤ ሁለት ወር ቢሆን የበለጠ ጥሩ። በሩን አውልቁና ሳሎን አስቀምጡት። ምግቡን እዚያ ስጡት። አትግፉት፣ አትዝጉበት። በራሱ ገብቶ መተኛት ሲጀምር በሩን መልሱና ለጥቂት ደቂቃ ዝጉ። ቀስ እያላችሁ ሰዓቱን ጨምሩ። መጨረሻ ላይ ተዘግቶበት ሌሊቱን የሚተኛ መሆን አለበት። ሲያላዝን ሮጣችሁ አትክፈቱ፤ ጸጥ ሲል ክፈቱ። አለበለዚያ ማላዘን በር እንደሚያስከፍት ታስተምሩታላችሁ።

ከዚያ በመኪና ውሰዱት። መንቀጥቀጡንና የሞተሩን ድምፅ ይለምደዋል። ካቢን ለሚገባም ልምምዱ ያው ነው። ቦርሳው ውስጥ ሆኖ ሰው በሚበዛበት ቦታ አብሯችሁ ይቀመጥ። እናንተ ሳታናግሩት ለሰዓታት መቆየት አለበት፤ አውሮፕላኑ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው።

6. ማስተኛ መድኃኒት

አትስጡ። ብዙ ሰው «ተኝቶ ይድረስ» ብሎ ያስባል። ማስተኛ መድኃኒት የደም ግፊትን ይቀንሳል፤ ሰውነት ሙቀቱን የሚቆጣጠርበትን መንገድና ሚዛኑን ያዛባል። የደነዘዘ ውሻ ሳጥኑ ሲያዘነብል ራሱን መደገፍ አይችልም። ዕቃ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚያየው ሰው የለም። የደነዘዘ እንስሳ አንቀበልም የሚሉ አየር መንገዶችም ብዙ ናቸው። ውሻችሁ ከልክ በላይ የሚፈራ ከሆነ ከሐኪም ጋር ከሳምንታት በፊት ተነጋገሩ። የሚሰጥ ነገር ካለም ቤት ውስጥ ተሞክሮ መታየት አለበት።

7. የበረራው ቀን

ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ምግብ ስጡት። ሆዱ ሞልቶ መሄዱ ለማስመለስ ይዳርገዋል። ውኃ ግን እስከ መጨረሻው አይከልከል። የሳጥኑን የውኃ ሳህን ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። በረዶው ሲጫን አይደፋም፤ ቀስ እያለ ይቀልጥለታል።

ወደ ኤርፖርት ከመሄዳችሁ በፊት ረጅም ጉዞ በእግር አድርጉ። ይድከም፣ ሽንቱንም ይጨርስ። ከተለመደው ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ውሻ ያለው ሰው በኢንተርኔት ቼክ ኢን ማድረግ ብዙ ጊዜ አይችልም። ወረቀት ይታያል፣ ሳጥኑ ይለካል፣ ክፍያ ይፈጸማል።

ፍተሻ ላይ ውሻው ከቦርሳው ይወጣል። ባዶው ቦርሳ በማሽኑ ያልፋል፤ ውሻውን እናንተ አቅፋችሁ ታልፋላችሁ። ውሻው ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ወደ ኤክስሬይ ማሽኑ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህች ደቂቃ ናት። አንድ ድንጉጥ ውሻ ከእጅ ካመለጠ ኤርፖርት ውስጥ መያዝ መከራ ነው። ወረፋው እስኪቀል ጠብቁ፣ ወይም በተለየ ክፍል እንዲፈትሿችሁ ጠይቁ። በብዙ ቦታ ይፈቀዳል።

በዕቃ ክፍል የሚሄድ ከሆነ ከማስረከባችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ሳጥኑንም ጭምር። የሚያንቅ ሰንሰለትና የአፍ መዝጊያ አውልቁ። አፉ የታሰረ ውሻ ማለክለክ አይችልም። አንገቱ ላይ ስልካችሁ የተጻፈበት፣ የማይጠብቅ ቀላል ማሰሪያ ይኑር። ገመዱን ሳጥኑ ውስጥ አትተዉ። ስንብቱን አታርዝሙት፤ እናንተ ስትጨነቁ እሱም ይጨነቃል። አውሮፕላን ውስጥ ስትገቡ ለአስተናጋጇ «ውሻዬ ታች አለ፤ መጫኑን ታረጋግጪልኝ?» በሏት። ብዙዎቹ ጠይቀው ይነግሯችኋል።

ካቢን ውስጥ ቦርሳው በረራውን ሙሉ ከወንበሩ ሥር ይቆያል። ማውጣት አይፈቀድም። አጠገባችሁ ያለው ሰው ውሻ ሊፈራ ወይም አለርጂ ሊኖርበት ስለሚችል ገና ስትቀመጡ ንገሩት። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲወርድ የሚያኝከው ነገር ስጡት። ማኘኩና መዋጡ ጆሮውን ያቀለዋል። ውኃ ጥቂት በጥቂት። ትርፍ ምንጣፍ፣ ፕላስቲክ ከረጢትና እርጥብ መጥረጊያ እጅ ሻንጣችሁ ውስጥ ይኑሩ።

8. ስትደርሱ

ካቢን ከነበረ ቀጥታ ወደ ጉምሩክና የእንስሳት ቁጥጥር ትሄዳላችሁ። ወረቀቱን እጃችሁ ላይ ያዙ፤ ሻንጣ ሥር አትቅበሩት። በዕቃ ክፍል ከነበረ ብዙ ጊዜ ትልልቅ ዕቃ በሚወጣበት በር በኩል ይመጣል። ተንቀሳቃሹ መቀበያ ላይ አይደለም። ካልመጣ ሠራተኛ ጠይቁ እንጂ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ።

ሳጥኑን አደባባይ ላይ አትክፈቱ። መጀመሪያ በር የሚዘጋበት ቦታ ግቡ፣ ገመዱን አዘጋጁ፣ በሩን በትንሹ ከፍታችሁ ገመዱን እሰሩ፣ ከዚያ ይውጣ። ለሰዓታት ተዘግቶ የቆየ ውሻ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ውኃ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ስጡት፤ ምግቡ ቆየት ብሎ ይሁን።

በመጀመሪያው ቀን ወይም ሁለት ቀን ብዙ ቢተኛ፣ ሆዱ ቢላላ፣ ምግብ ቢያሳንስ የተለመደ ነው። ነገር ግን ማለክለኩን ካላቆመ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ቆሞ መሄድ ካቃተው በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሳጥኑ የተሰበረ ወይም ውሻው የተጎዳ ከሆነ ከኤርፖርቱ ሳትወጡ ፎቶ አንሱና በጽሑፍ አመልክቱ።

የቺፑ ምዝገባ ላይ ያለው ስልክ ያረጀው ቁጥራችሁ ከሆነ በዚያው ሳምንት ቀይሩት። የምትመለሱ ከሆነም የመልሱን ወረቀት ከመነሳታችሁ በፊት እዩ። ለምሳሌ ከአውሮፓ ኅብረት ተነስታችሁ የደም ምርመራ ወደሚጠየቅበት አገር የምትሄዱ ከሆነ፣ ምርመራውን ከመውጣታችሁ በፊት አስደርጋችሁ በውሻው ፓስፖርት ላይ ካስመዘገባችሁት ስትመለሱ ሦስቱን ወር አትጠብቁም። ሳታስደርጉ ከወጣችሁ ግን ምርመራውም ጥበቃውም እዚያው በሄዳችሁበት አገር ይሆናል።